ደጊቱን ይቅርታ ልጠይቅ አንበሳሜ ድረስ

ደብረ ታቦርን የምታውቁ ሰዎች ከዚህ ጽሑፍ ስለ ከተማዋ የምትማሩት ነገር የለም። የማታውቁትም ብትሆኑ ስለ ታሪኳና ስለ አብያተ ክርስቲያናቷ የሚነግራችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ የሄድኩት ያጠፋሁት ጥፋት ስለነበረ ነው። አራት ቀን ቆይቼ ተመለስኩ፤ ያየሁትም በአብዛኛው ሰው ነው።

ጥፋቴ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የማኅበራዊ ጉዳዮች ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ መንደር አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። ልጇን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ድራ የተጸጸተች እናት ናት። ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሏት፣ የልጅቱ ዕድሜ እንዴት ከፍ ተደርጎ እንደተነገረ፣ ሁሉንም አጫወተችኝ። ስሜ እንዳይጠራ አለችኝ፤ ማልኩላት። ድምፅዋንም አላሰማሁም፤ ታሪኩን እኔው ራሴ አነበብኩት።

ስም ግን ያስፈልጋል። በእኛ ሥራ የባለታሪክ ስም ስንቀይር የአገሩ ሽታ ያለውን እንመርጣለን። የደቡብ ጎንደር ገበሬ ሚስት "ሜሮን" ብትባል አድማጭ ይስቃል። ቢሮ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ "ደጊቱ" አልኳት፤ ጥሩ ስም አገኘሁ ብዬም ደስ አለኝ። የአገሩ ሽታ ያለው ስም በአገሩ ሰው ላይ ሊገኝ እንደሚችል ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። በዚያው መንደር አንዲት ደጊቱ ነበረች።

"ስሟ የተቀየረ" የሚለውን በፕሮግራሙ መግቢያ ላይ ተናግሬያለሁ። ሰው ግን ቀድቶ በስልክ ሲቀባበለው መግቢያው ተቆርጦ ቀረ። ታሪኩ ለብዙ ቤት የሚገጥም ነበር፤ ስሙ ግን ለአንዲት ሴት ብቻ። ሁለት ሽማግሌዎች ፖሊስ ጣቢያ ተጠርተው ሲያድሩ መንደሩ በሙሉ ደጊቱን አኮረፈ። ከማርያም ማኅበሯ ወጣች። በመጨረሻም ቤቷን ዘግታ ወደ አንበሳሜ ከተማ ሄደች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ዝናሽ ናት። ዝናሽ ደብረ ታቦር ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ የትውልድ መንደሯም ያው መንደር ነው፤ ያኔ ከዚያች እናት ጋር ያገናኘችኝ እሷ ነበረች። "ዝም ብዬ ከርሜ ነበር፤ አሁን ግን አልቻልኩም" ብላ ደወለችልኝ። አለቃዬ እርማት እናስተላልፍ አለ። ግን በእርማቱ "ደጊቱ አይደለችም" ብዬ ባውጅ መንደሩ "ታዲያ ማን ናት?" ማለቱ የት ይቀራል? አንዷን ነጻ ሳወጣ ሌላዋን አሳልፌ ልሰጥ ነው። መፍትሔ ሳይኖረኝ ሻንጣዬን አነሳሁ።

ሐሙስ

ባሕር ዳር በአውሮፕላን ገባሁና መነኻሪያ ሄጄ ሚኒባስ ያዝኩ። ተራ አስከባሪው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ጎልማሳ ነው። የተሳፋሪዎችን ስም በወረቀት እየመዘገበ እኔ ጋ ሲደርስ "ስም?" አለ። ስም የሚባል ነገር በዚያ ሰሞን ያስደነግጠኝ ስለነበር ዘገየሁበት። "ምነው እመቤት፣ ረሳሽው?" ሲለኝ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት ሦስት ቦታ ደውሎ "መንገዱ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ። አዲስ አበባም ይህንኑ እንጠይቃለን፤ እኛ የምንጠይቀው ግን ስለ መኪና መጨናነቅ ነው። እዚህ ጥያቄው ሌላ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ መልሱ እስኪመጣ ሚኒባሱ ውስጥ ጸጥ አለ። "ሰላም ነው" አለ ሾፌሩ ስልኩን ኪሱ እየከተተ፤ ተንቀሳቀስን።

በፎገራ ሜዳ ግራና ቀኝ የሩዝ ክምር ነው። እኔ ሩዝ የማውቀው ከሱቅ በኪሎ ተመዝኖ ነው፤ እንደ ጤፍ ታጭዶ ተከምሮ ሳይ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ወረታን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ ሆዴ ታወከ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ አይተውኝ ከካባቸው ኪስ ሎሚ አወጡ።

"አሽትቺው፤ መስኮቱንም ክፈቺው" አሉኝ። ትንሽ ሲሻለኝ፣ "ለሥራ ነው የመጣሽ?"

"አይ አባ። ሰው በድዬ ይቅርታ ልጠይቅ ነው።"

"ከአዲስ አበባ ድረስ?"

"አዎ አባ።"

"ስልክ የላትም?"

"አላት። በስልክ የሚሆን አልመሰለኝም።"

"ይሁን። እንግዲህ ከመጣሽ ቶሎ ልመለስ አትበዪ" አሉኝ። ሎሚውን ልመልስላቸው ስል እምቢ አሉ። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ደርቆ አለ።

ደብረ ታቦር ስገባ የያዝኩት ሆቴል ውሃ አልነበረውም፤ የመስኮቱ መስታወትም ተሰብሮ በካርቶን ተሸፍኗል። ካርቶኑን እያስተካከልኩ ዝናሽ መጣች፤ ሰላም እንኳ በቅጡ ሳትለኝ ሻንጣዬን አነሳች። "እኔ ቤት እያለኝ አንቺ ሆቴል ታድሪያለሽ? ሰው ምን ይለኛል?" አለች። ባሏ ታደለ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የአርባ ምንጭ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ኖሮም ብርዱን አልለመደውም፤ ቤት ውስጥ በጃኬትና በሹራብ ኮፍያ ይቀመጣል። "እንኳን መጣሽ፤ ዛሬ የሚንቀጠቀጠው ሰው ሁለት ሆነ" አለኝ። እራት የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ነበር። እኛ ቤት ድንች ወጥ ውስጥ የሚጨመር ነገር ነው፤ እዚህ ግን ራሱን ችሎ ይቀርባል። ሰባት በላሁ፤ ዝናሽ ስምንተኛውን ላጠችልኝ።

ዓርብ

ጠዋት ከዝናሽ ጋር ወደ መንደሩ ሄድን። መንደሩን በስሙ አልጠራውም፤ ከዚህ በፊት ጠርቼ ያመጣሁት ይበቃኛል። ባጃጁ ዳገቱ መሐል ላይ እምቢ ስላለ ወርደን ገፋን። ስገፋ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። ባለባጃጁ አዝኖልኝ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍሮ አሰረልኝ፤ እንደዚያ ሆኜ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ተጓዝኩ። ዝናሽ ወደ ኋላ እየዞረች ታየኝና ሳቋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች።

ያቺን እናት ቤቷ አገኘናት። ስሟን ያኔም አልጠራሁም፣ አሁንም አልጠራም፤ ሌላ ስም መስጠቱንም እርም ብያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ካየኋት ከስታለች። ከበሩ ጀርባ እንስራ ተሰልፏል፤ ጠላ ጠንስሳለች። የዓርብ ጾም ስለሆነ ከሽምብራ ዱቄት የተሠራ ወጥ በገብስ እንጀራ አቀረበችልን። እስክንበላ ድረስ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ከበላን በኋላ ነው የመጣሁበትን የጀመረችው።

"ስሟን ማን ሰጠሽ?" አለችኝ።

"ማንም አልሰጠኝ። ቢሮ ተቀምጬ አሰብኩት።"

"አስበሽ?"

"አዎ።"

"ከዚያ ሁሉ ስም?"

ሙያዬን በተመለከተ ከጠየቁኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ከባዱ ነው። እሷ ወደ እንስራዎቹ ዞር አለች።

"ማኅበርተኞች ነን፣ እኔና ደጊቱ" አለች። "የማርያም ጽዋ በወር በወሩ በሃያ አንድ ከቤት ቤት ይዞራል። ከእሷ ቀጥሎ ባለተራዋ እኔ ነኝ። እሷ ከወጣች ወዲህ የእሷን ቤት እየዘለለ እኔ ቤት ይገባል። አምና ገባ። አሁንም ሰኞ ይገባል። በእሷ ተራ የሚጠጣ ጠላ ነው የምጠምቀው፤ ሰው ይጠጣና ይመርቀኛል።"

ዝናሽ አንገቷን ደፋች። እኔም እንባዬ መጣ።

"አንበሳሜ ትሄጃለሽ?"

"ነገ እሄዳለሁ።"

"ስሜን ትነግሪያታለሽ?"

"አልነግራትም። ምያለሁ።"

"ይሁና" አለች። ቀለል ይበላት፣ ይክበዳት፣ ከፊቷ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። ልንወጣ ስንል ጫማዬን አየችው። ምንም ሳትናገር የራሷን ኮንጎ ጫማ አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች፤ እሷ በባዶ እግሯ ቀረች። አይሆንም ብል የሚሰማኝ አላገኘሁም። "ዝናሽ ትመልስልኛለች" አለችኝ፤ ዝናሽንም "የእሷን አሰፊላት" አለቻት። ልክ ሆኖኝ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ተረከዜ ሜዳ ላይ ነበር፤ ቁልቁለቱን ግን ሳልወድቅ ወረድኩበት።

ቅዳሜ

ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ የሰው ኮንጎ እንደተጫማሁ ወጣሁ። ያስታወስኩት ወረታ ስንደርስ ነው። የእኔ ጫማ ዝናሽ ቤት፣ የዚያች እናት ጫማ እኔ እግር ላይ። ዝናሽ በስልክ "አንቺ ሴትዮ፣ ይቅርታ የምትጠይቂው ሰው እንዳይበዛ" አለችኝ።

ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ እስከ ሐሙሲት ወርጄ፣ ከዚያ ወደ አንበሳሜ የሚታጠፍ ሌላ መኪና ያዝኩ። ገበያ ነበር። አዲስ አበባ ሰው ስፈልግ አድራሻና ካርታ ይላክልኛል፤ እዚህ አንዲት በርበሬ ሻጭ "ደጊቱ? የጌሾዋ?" ብላ በአገጯ አመለከተችኝ።

ደጊቱ የእኔ እኩያ ናት፤ አርባን ትንሽ ያለፈች፣ ረጅም ሴት። ከፊቷ ጌሾና ብቅል በሁለት ማዳበሪያ አለ። "እንደምን ዋልሽ?" አልኳት፤ ይህን ብቻ ነው ያልኩት። እጇ ጌሾውን እንደጨበጠ ቀረ።

"የራዲዮዋ ነሽ" አለች።

"በምን አወቅሽኝ?"

"በድምፅሽ። ስንት ሰው ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጎ አሰምቶኛል መሰለሽ።"

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከመሐል ጀመርኩት፤ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ፤ ከዚያ ጠፋብኝ። "በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ" ብዬ አቆምኩ። ደጊቱ ቀና ብላ አየችኝ፤ ኮንጎዬንም አየችው።

"እታለም፣ ገበያ ላይ ይቅርታ አይደረግም። ሰዉ ያየናል። ነይ ተቀመጪ፤ ይህን ማዳበሪያ ያዢልኝ" አለችኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ማዳበሪያ ያዝኩ። ለአንዲት ደንበኛ ጌሾ ስፈሪላት ስባል ብቅል ሰፈርኩላት፤ ሴትየዋ "አይ የከተማ ልጅ!" ብላ ስትስቅ ደጊቱም ሳቀች።

ገበያው ሲበተን የተከራየችው ክፍል ወሰደችኝ። ሩዝና ጤፍ ተቀላቅሎ የተጋገረ እንጀራ በእንቁላል ሰጠችኝ። እርማት ማስተላለፍ እንደምችል ነገርኳት፤ ጥያቄ እንደሚያስነሳም አልደበቅኳትም። ጨርሼ ሳልናገር እጇን አነሳች።

"መጀመሪያ እኔም ጮኼ ነበር" አለች። "ማኅበር ላይ ነው። ማርያምን እኔ አይደለሁም፣ የራዲዮ ሰው አግኝቼ አላውቅም አልኩ። ሴቶቹ 'አንቺ ካልሆንሽ ማናት?' ብለው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። አንዷ ያችን ትላለች፣ አንዷ ያችን። ያን ጊዜ አየኋት። ዳቦ እየቆረሰች ነበር፤ ቢላዋውን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም ተውኩት። 'እሺ፣ እኔ ነኝ' አላልኩም፤ 'አይደለሁም' ማለቱን ግን ተውኩት።"

ማንን እንዳየች አልጠየቅኩም፤ እሷም ስም አልጠራችም።

"ፊቷን አይተሽ ብቻ ነው?"

"እንዴ፣ ታሪኩን አውቀው የለ! 'ልጅቱ በሠርጓ ቀን ጎተራ ውስጥ ተደብቃ ተገኘች' ብለሽ አላነበብሽም? ያገኘኋት እኔ ነኝ። ሽንኩርት ልከትፍ ሄጄ፣ ገብስ አምጪ ብለው ቢልኩኝ፣ ልጅቱ ኩርምት ብላለች። አፏን በእጇ ይዛ በዓይኗ ለመነችኝ። እኔ ወጥቼ ለእናቷ ነገርኩ። ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ምን ነበረበት? ያኔ ያልዘጋሁትን አፌን አሁን ዘጋሁት። ይኸው ነው።"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ውሃ ሰጠችኝ። የሙያ ሥነ ምግባር ሥልጠና ስንት ጊዜ እንደወሰድኩ አላስታውስም። ምስጢር መጠበቅ የሚባለውን ነገር ግን በዚያች ክፍል፣ ሬዲዮ ጣቢያ በር ረግጣ የማታውቅ ሴት ጠብቃው ነው ያየሁት፤ በጣም አፈርኩ።

"እርማትሽን ተዪው" አለችኝ። "እንዳወቅኩባትም አትንገሪያት። አፍራ ማኅበሩን ትተወዋለች። ከአንድ ማኅበር የጎደለ አንድ ሰው ይበቃል።"

"አንቺስ?"

"እኔ ሌላውን ችዬዋለሁ። ሰፈሩን፣ ሐሜቱን፣ ሁሉንም። ሃያ አንድ ሲደርስ ነው የማልችለው። ጠላ እጠምቃለሁ። ለገበያ ነው እላለሁ እንጂ አልሸጠውም፤ ለጎረቤት አድለዋለሁ።" በአገጯ ጥጉን አሳየችኝ። አንዲት እንስራ በጨርቅ ተሸፍና ቆማለች።

የጎደላት የማኅበሯ ቀን ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ ልሰጣት አልችልም። ለአንዷ አልነግራትም ብዬ ምያለሁ፣ ሌላዋ ደግሞ አትንገሪያት ብላኛለች። አልጋዋን ለቅቃልኝ እሷ መሬት ላይ ተኛች፤ በዚህም ተከራክሬ ተረታሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ቁርስ ቀረበ። ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ለመድረስ አስቤ ነበር። አምስት ሰዓት ገደማ ከውጭ "ቤቶች" የሚል ድምፅ መጣ። ደጊቱ ከፈተች።

ያቺ እናት ናት። ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ሆኗል፤ ፌስታል ይዛለች። በኋላ እንደሰማሁት ቅዳሜ ከሰዓት ከመንደሯ ወርዳ ዝናሽ ቤት አድራ ነው የመጣችው። ደጊቱን ቀና ብላ ማየት አቃታትና ወደ እኔ እግር አየች።

"ኮንጎዬን ልወስድ ነው" አለች። ፌስታሉን ዘረጋችልኝ፤ ውስጡ ጫማዬ አለ፣ ተሰፍቷል።

ለኮንጎ ተብሎ ከዚያ ተራራ ወርዶ፣ ሁለት መኪና ቀይሮ። ማናችንም አልሳቅንም።

"ግቢ" አለች ደጊቱ። "መንገዱ አቧራ ነው፤ እግርሽን ታጠቢ።" በርጩማ አስቀምጣ፣ ውሃ በሳፋ አቅርባ ራሷ ቁጢጥ አለች። ያቺ እናት እግሯን ልትሸሽግ ሞከረች፤ ደጊቱ ያዘቻት።

"ደጊቱ፣ ያ ነገር..."

"አውቃለሁ።"

"የራዲዮው..."

"አውቃለሁ አልኩሽ። ሌላኛውን እግርሽን ስጪኝ።"

ጫማዬን ይዤ ወጣሁ። እንደ ጋዜጠኛ መቆየት ነበረብኝ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ደጃፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አጠለቅኩ፤ ውስጥ የሚባለውን አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈለግኩም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሩ ሲከፈት ሁለቱም ዓይናቸው ቀልቷል። ደጊቱ የክት ቀሚሷን ለብሳ ጌሾ በፌስታል ይዛለች፤ እንስራዋን ለጎረቤት አደራ ሰጠች።

"ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መኪና አሁን ይገኛል?" አለችኝ። "ጽዋው ነገ ነው።"

"ሴቶቹስ?" አልኩ።

"ራሴ እነግራቸዋለሁ" አለች ያቺ እናት። "ከጎኔ ትቀመጥልኝ እንጂ እነግራቸዋለሁ።"

"ብትነግራቸውም ባትነግራቸውም እኔ እገባለሁ" አለች ደጊቱ። "ተራዬ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንቺም ከጻፍሽ ስሜን ጻፊው። ደጊቱ በይ። ልጅቱን ጎተራ ውስጥ ያገኘቻት እንጂ የዳረችው አይደለችም በይ" አለችኝ። ይኸው ጽፌዋለሁ።

እስከ ሐሙሲት አብረን ሄድን። እኔ ወደ ባሕር ዳር፣ እነሱ ወደ ላይ። ሚኒባሳቸው እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ቆሜ ነበር። ተራ አስከባሪው ወረቀቱን ይዞ መጣና "ስም?" አለ።

ደጊቱ ከነአባቷ ስም ነገረችው፤ ከኋላ ወንበር ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ።

"ቀጥሎ?"

ያቺ እናት በመስኮቱ አየችኝ። ከዚያ እሷም ስሟን ከነአባቷ፣ እንደ ጓደኛዋ ጮክ ብላ ተናገረች። ሰውዬው ጻፈው። እኔ ግን አልጽፈውም።